የዝናብ መጥረጊያው ሲቆም፦ አሮጌ መኪና፣ የእንጦጦ ዳገትና ቸል የተባለው ሙያ

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከላቸው በጥር 2016 ዓ.ም. ሲነገር ክርክሩ ሁሉ ስለሚመጣው መኪና ነበር። ኤሌክትሪኩ ይበቃል ወይ? ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል? ቻርጅ ማድረጊያው የት ይተከላል? ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። አገር ውስጥ ስላለው መኪና ግን ብዙም አልተጠየቀም። በሩ ሲዘጋ ውስጥ የቀረው መኪና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው፤ አብዛኛውም ገና ሲገባ አሮጌ የነበረ ነው። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በከባድ ታክስ አጥሮት ነበር። ሁለቱ ውሳኔዎች ሲደመሩ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ማንም ጮክ ብሎ ባይለውም። ያለው መኪና ገና ለረጅም ዓመት ይሄዳል። ሌላ የሚተካው የለማ።

ይህ ከሆነ፣ አሮጌ መኪና በደህና እንዲሄድ የሚያደርገው ማን ነው? በምን ዕቃ? በየትኛው ሙያ? ጥያቄውን በትልቁ ሲያነሱት ወደ ሪፖርትና ወደ ስብሰባ ይሄዳል። ከትንሽ ዕቃ መጀመር ይሻላል፤ ከዝናብ መጥረጊያ ሞተር።

የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ሲበላሽ መኪናው አይቆምም። ችግሩም ይኸው ነው። ፍሬን የበጠሰ መኪና ባለቤቱን ያስደነግጠዋል፤ ባትሪ የጨረሰ መኪና ከግቢ አይወጣም። መጥረጊያው የቆመ መኪና ግን ከመስከረም እስከ ግንቦት ምንም እንዳልጎደለው ሆኖ ይሠራል። ባለቤቱ ይረሳዋል። ሰኔ መጥቶ ሰማዩ ሲጠቁር ያስታውሰውና ጋራዥ ይሮጣል፤ በዚያን ሰሞን ጋራዡ በእርሱ ብጤዎች ተሞልቷል።

በደረቅ ቆላ ላይ ይህ ቀላል ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የካ ላይ ግን አይደለም። ክፍለ ከተማው ጀርባውን ለእንጦጦ ሰንሰለት ሰጥቶ የተቀመጠ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ያለች ስትሆን የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በመሐል ያለው ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ፣ ከኮተቤ ወደ ካራ፣ ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚወጣው አቀበት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መገናኛ ካፊያ ሲሆን ላይኛው መንገድ ዶፍ፣ አንዳንዴም በረዶ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ጉሙ ይወርዳል። ጉም ደግሞ በመስታወት ላይ እንደ ዱቄት የሚነሰነስ ውኃ ነው፤ ካልተጠረገ አይሄድም።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በአንድ ሴኮንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። የአሜሪካ የተሽከርካሪ ደኅንነት ደረጃ መጥረጊያ በፈጣኑ ፍጥነት በደቂቃ ቢያንስ 45 ጊዜ፣ በቀርፋፋው ደግሞ ቢያንስ 20 ጊዜ ደርሶ መመለስ አለበት ይላል። 45 ማለት መስታወቱ በየ11 ሜትሩ ይጠረጋል ማለት ነው። 20 ሲሆን በየ25 ሜትሩ ነው። ዕድሜ የተጫነው፣ ግራሶው የደረቀ፣ ኤሌክትሪክ በወጉ የማይደርሰው ሞተር በዶፍ ውስጥ ከ20 በታች ሲወርድ ሾፌሩ ከአንድ ጠረጋ እስከ ሌላው የአንድ አውቶብስ ርዝመት ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆነውን መንገድ በግምት ይነዳል። ሙሉ በሙሉ የቆመውማ ስሌት አያስፈልገውም።

በዚያ መንገድ ዳር ማን አለ? የእንጦጦን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃቸዋል። ከራሳቸው ቁመት የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ታጥፎ ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች አሉ። ሸክሙ ከአስፋልቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ዞር ብለው ከኋላ የሚመጣውን ማየት አይችሉም። ዝናብ መጣ ብለው የትም አይጠለሉም፤ እንጨቱ ከረጠበ ዋጋው ይወርዳልና ይፈጥናሉ። ስለ መጥረጊያ ሞተር ሲወራ ባለመኪናውን ብቻ የሚያስብ ሰው ግማሹን ነገር ስቷል። ባለመኪናው ቢያንስ ዕቃው መበላሸቱን ያውቃል። እርሷ አታውቅም።

አሁን ወደ ዕቃው። አሠራሩ የሚያስፈራ አይደለም። አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን የሚያበዛ ጥርስ፣ ከዚያ ክብ ዙረቱን ወደ ወዲያና ወዲህ የሚለውጡ ዘንጎች፣ በመጨረሻም ክንዱና ላስቲኩ። ከሞተሩ ጎን ደግሞ ማብሪያው ሲጠፋ ክንዶቹን ወደ መስታወቱ ግርጌ መልሶ የሚያሳርፍ ትንሽ ማቋረጫ አለ። ሁሉም ይኸው ነው። ሐሳቡ ሲጀመርማ ከዚህም ቀላል ነበር፤ የአላባማዋ ሜሪ አንደርሰን በ1903 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ባለቤትነት ያገኘችበት መጥረጊያ ሾፌሩ ከውስጥ ሆኖ በእጁ የሚያንቀሳቅሰው ነበር። ዛሬም በክረምት ክንዱ ላይ ሲባጎ አስረው በሁለቱ መስኮት እየተቀባበሉ የሚጎትቱ ሰዎች፣ ሳያውቁት፣ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመልሰዋል።

በመሐል ለዳገት አገር ፈጽሞ የማይሆን ሌላ ዘዴ መጥቶ ነበር። ብዙዎቹ የቀድሞ የአሜሪካ መኪኖች መጥረጊያ በኤሌክትሪክ ሳይሆን በሞተሩ የአየር መሳብ ኃይል ይሠራ ነበር። ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ያ የመሳብ ኃይል ይደክማል። ስለዚህ መኪናው ዳገት በወጣ ቁጥር መጥረጊያው ይዝላል፤ አንዳንዴም ቀጥ ይላል። ከፍታ ላይ አየሩ ራሱ ስለሚሳሳ ችግሩ ይብሳል። ሜዳ ላይ ለሚነዳ ሰው የተሠራ ዕቃ እንጦጦ ላይ ሲወጣ የሚሆነው ይህ ነው። እንዲህ ያለ መኪና በቅርስነት ያስቀመጠ ሰው ካለ፣ ለዚህ ብቻ ሲባል ወደ ኤሌክትሪክ ሞተር ቢለውጠው ማንም ቅርስ አበላሸህ ሊለው አይገባም።

አዲስ አበባ ውስጥ ግን በብዛት ያሉት አሮጌዎች ሌሎች ናቸው፦ ቮልስ፣ ላዳ፣ ዲኤክስ ኮሮላ፣ አልፎ አልፎ ፔዦና ላንድሮቨር። እነዚህ ሁሉ፣ በጣም ጥንት ከሆኑት በቀር፣ ኤሌክትሪክ ነው የሚጠቀሙት። ሲበላሹም የሚበላሹበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። እንግዲህ የሚያሳዝነው ክፍል እዚህ ጋ ይጀምራል። ጋራዥ ደጃፍ የሚሰማው ንግግር ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ተቃጥሏል። ሌላ ይፈለግ።»

«ሳትፈታው በምን አወቅህ፣ የኔ ልጅ?»

«ድምፅ የለውም እኮ!»

ድምፅ ማጣት ግን ሞተሩ ለመቃጠሉ ማስረጃ አይሆንም። እንዲያውም ድምፅ ፈጽሞ የሌለው ሞተር መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ኤሌክትሪክ እንዳልደረሰው ነው። ቮልስና ላዳ ላይ ያሉት የድሮ ፊውዞች ጫፋቸው ሾጣጣ ሆኖ በሁለት የብረት ምላስ መሐል የሚቀመጡ ናቸው። ዓመታት ሲያልፉ ጫፋቸው ይዝጋል። ፊውዙ ሳይቃጠል መስመሩ ይቋረጣል። ጨዋታውን የሚያውቅ ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን መጀመሪያ የሚያደርገው ፊውዙን በጣቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ማሽከርከር ነው። አንዳንዱ መጥረጊያ በዚህ ብቻ ይነሳል። ዋጋው ምንም። ካልተነሳ ሞተሩ በቦታው እንዳለ ሽቦው ተነቅሎ ከባትሪ በቀጥታ ይሞከራል። ከባትሪ ሲያገኝ ዞረ ማለት ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ በሽታው ያለው በማብሪያው፣ በሽቦው ወይም ከቦዲው ጋር በሚታሰረው የኔጌቲቭ መስመር ላይ ነው። ቀለም የተቀባ ወይም የዛገ ቦዲ ላይ የታሰረ ኔጌቲቭ ስንቱን ጤነኛ ሞተር አስጥሏል!

ድምፅ እያሰማ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ክንዶቹ የሚቀመጡበት ዘንግ ደርቆ ተይዟል፣ ወይም ውስጥ ያለው ጥርስ ተበልቷል። ቮልስ ላይ በጣም የተለመደው የመጀመሪያው ነው። ሁለቱ ዘንጎች ከመስታወቱ ግርጌ ወጥተው ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅባቸው ስለሚኖሩ ቅባታቸው ያልቃል፤ ሞተሩ እየታገለ ይግላል፤ ባለቤቱ ፊውዝ ይቀይራል፤ እንደገና ይቃጠላል። በመጨረሻ አንዱ «ብልህ» የሲጋራ ፓኬት ብልጭልጭ ወረቀት በፊውዙ ላይ ይጠቀልልለታል። ከዚያ በኋላ የሚቃጠለው ፊውዙ ሳይሆን ሽቦው ነው፤ ከሽቦውም አልፎ መኪናው። እዚህ ላይ ማለባበስ አያስፈልግም። ይህን የሚያደርግ ሰው መካኒክ አይባልም።

ቀርፋፋው ሦስተኛው ዓይነት ነው። ይህኛው የብዙ ነገር ድምር ሊሆን ይችላል። የድሮው ዲናሞ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር በቂ ኤሌክትሪክ አይሰጥም። በዝናብ ምክንያት መብራት በርቶ፣ ዳገት ላይ ሰልፍ ተይዞ፣ ፍሬን መብራትም በርቶ መጥረጊያው ነፍሱ የወጣ ይመስላል። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የተሠሩት ቮልሶች ደግሞ በ6 ቮልት የሚሠሩ ስለነበሩ ትንሽ የሽቦ ዝገት እንኳ ብዙ ታጎድልባቸዋለች። ሌላው ምክንያት ካርቦኑ ነው። ሞተሩ ውስጥ ከመዳብ ቀለበት ጋር እየታከኩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ትንንሽ የካርቦን ቁራጮች አሉ። ሲያልቁ ሞተሩ አንዴ ይዞራል፣ አንዴ እምቢ ይላል፤ በጣት ሲመቱት ይነሳል። ሁለት ፍጥነት ካለው ሞተር ላይ አንዱ ፍጥነት ብቻ ከጠፋም ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ሦስተኛው ካርቦን ነው። ካርቦን መቀየር፣ የመዳብ ቀለበቱን በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ማጽዳት፣ የደረቀውን ግራሶ አጥቦ አዲስ መቀባት፤ ሥራው የግማሽ ቀን ነው፤ ዕቃውም ከሙሉ ሞተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ታዲያ ለምን «ይቀየር» ይባላል? መልሱ ስንፍና ብቻ አይደለም። የመካኒኩ ስሌት አለ። ቮልስ ላይ ሞተሩ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ነው ያለው፤ ክንዶቹ ወልቀው፣ ፊት ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ከነዘንጎቹና ከነማቀፊያው ባንድ ላይ ይወጣል። ጀርባ የሚያጎብጥ ሥራ ነው። ደንበኛው ግን ለዕቃ መክፈል እንጂ ለእጅ መክፈል አይወድም። «ምን ጨመርክበት? ካርቦን ነው እንጂ!» ብሎ ይከራከራል። ሞተር ሲቀየር ግን በዓይኑ የሚያየው ዕቃ አለና ያለ ክርክር ይከፍላል። መጠገንን የገደለው አንዱ ይህ የደንበኛው አመል ነው። ዕቃ አክብሮ እጅ የሚንቅ ገበያ ዕቃ ቀያሪ እንጂ ጠጋኝ አያፈራም።

መቀየርም ቢሆን እንደሚወራው ቀላል አይደለም። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ የሚፈልገውን ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሌላ መኪና የተፈታ ሞተር ነው፤ የእርሱ ካርቦን ምን ያህል እንደቀረው የሚያውቅ የለም። ላዳ በዚህ ረገድ ባለቤቱን የምትራራለት መኪና ናት። ከፊያት 124 ተቀድታ በቶሊያቲ ከተማ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተችው ያቺ ዝርያ፣ በመልክ እየተለዋወጠች እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ዘልቃለች፤ ብዙ ዕቃዋ ከአንዱ ሞዴል ወደ ሌላው ይገጥማል። ቮልስም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ፣ የመጨረሻው በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ስለተመረተ ዕቃው በዓለም ላይ አልጠፋም። የጠፋው ዶላሩ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ብር በዶላር ፊት ግማሽ ያህል ዋጋውን አጥቷል። ከውጭ የሚታዘዝ ሞተር ከዚያ ወዲህ የድሮው ሞተር አይደለም።

ስለዚህ ማገጣጠም ይመጣል። የኮሮላ ወይም የሚኒባስ ሞተር ተወስዶ፣ ላሜራ ተቆርጦ፣ ማቀፊያ ተበይዶለት ቮልስ ውስጥ ይገባል። በመርህ ደረጃ ይህ አያስነቅፍም። እንዲያውም ጥሩ እጅ ያለው ሰው ሲሠራው ከመጀመሪያው የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ድሮ አንድ ፍጥነት ብቻ የነበረው መኪና ሁለት ፍጥነት ያገኛል። ነገር ግን ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ክንድ ርዝመት በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲለይ መጥረጊያው ወይ ከመስታወቱ አልፎ ቦዲውን ይደበድባል፣ ወይ የሾፌሩን ዓይን ፊት ለፊት ያለውን ክፍል ሳይነካ ይመለሳል። የሚያሳርፈው ማቋረጫ ካልተገናኘም ክንዶቹ በጠፉ ቁጥር መስታወቱ መሐል ይቆማሉ። ይህን ሁሉ አስቦ የሚያገጣጥም አለ፤ «ዞረልህ አይደል?» ብሎ ሒሳቡን የሚቀበልም አለ። ደንበኛው ሁለቱን የሚለይበት ምንም ወረቀት፣ ምንም ምልክት የለም። የሚለያቸው ዝናብ ሲመጣ ነው።

የአዲስ አበባ ጋራዥ ቋንቋ ራሱ የሙያውን ታሪክ ይዟል። ኮፈን፣ ካንቢዮ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቢቴ፣ ስፖኪዮ፤ ቃላቱ አብዛኞቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሙያውም እንደ ቃላቱ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነው። ልጅ ሆኖ ቁልፍ ከማቀበል ይጀምራል፣ ዕቃ ያጥባል፣ ይፈታል፣ ከዓመታት በኋላ ይገጥማል። ሞተር ጠቅልሎ የሚያስነሳ፣ ያለቀ የመዳብ ቀለበት በቶርኖ አስልቶ የሚመልስ ሰው በዚህ መንገድ ነው የተፈጠረው። እንደ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ያሉ ኮሌጆች የአውቶሞቲቭ ሙያ ያስተምራሉ፤ ይህ መልካም ነው። ግን ኮሌጁና የመንገድ ዳሩ ጋራዥ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ጎረቤቶች ናቸው። አንዱ ጋ ወረቀት አለ፣ ሌላው ጋ ልምድ። ሽማግሌው ኤሌክትሪሺያን የሚያውቀውን ማንም አልጻፈለትም፤ ተማሪውም የተማረበት ሞተር ከኮፈኑ ሥር የሚያገኘው አይደለም።

በዚህ ላይ ቦታ ተጨመረ። በመገናኛና በቀበና በኩል ያለፈው የኮሪደር ልማት መንገዱን አስፍቶታል፤ ለእግረኛ መሄጃ ሰጥቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። መንገድ ዳር ዘይት እያፈሰሱ መኪና መጠገንም መቀጠል የሌለበት ነገር ነው። ግን ከመንገድ ዳር የሚነሳ ሠራተኛ የት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ከመብራት ምሰሶውና ከአበባው እኩል ሊታሰብበት ይገባ ነበር። ሠፈሩን የለቀቀ ጠጋኝ ደንበኛውን ያጣል፤ ደንበኛውን ያጣ ጠጋኝ ረዳቱን ያሰናብታል፤ የተሰናበተው ልጅ የሞተር ብስክሌት መልእክተኛ ይሆናል። አንድ ሙያ የሚሞተው በአዋጅ አይደለም፤ እንዲህ ነው።

«አሮጌ መኪናማ ከመንገድ ይውጣ እንጂ ምን ይጠገናል?» የሚል አለ። የሚናቅ ክርክር አይደለም። ጭሱ እውነት ነው፤ ዳገት ላይ ጥቁር ደመና እየለቀቀ የሚወጣ መኪና ከኋላው ያለውን ሁሉ ይመርዛል። የድሮ መኪና ሲጋጭ ተሳፋሪውን እንደ አዲሱ አይጠብቅም። መንግሥት ለላዳው ሾፌር የሚችለውን ምትክ አቅርቦ «አሁን ተዋት» ቢል ብዙው ሾፌር ራሱ አመስግኖ ይተዋት ነበር። ምትክ ሳይቀርብ «ይውጣ» ማለት ግን ሾፌሩን ከነቤተሰቡ ይውጣ ማለት ነው፤ ስለዚህም አይወጣም። ይሄዳል። ያለ መጥረጊያም ቢሆን ይሄዳል። ትምባሆ ወይም የተቆረጠ ድንች መስታወቱ ላይ አሽቶ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይሄዳል። አሮጌውን ማስወገድና አሮጌውን መጠገን እንደ ተቃራኒ ሐሳብ መቅረባቸው ስህተት ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያው እስኪመጣ ድረስ ሰው እንዳይሞት የሚደረግ ነገር ነው። ለዚያውም «እስኪመጣ» የተባለው ጊዜ ስንት ዓመት እንደሆነ የቆረጠ የለም።

ደግሞስ የኤሌክትሪክ መኪና የዝናብ መጥረጊያ የለውም እንዴ? አለው። ያውም ትልቁ ባትሪው ምንም ያህል ቮልት ቢኖረው መጥረጊያውን፣ መብራቱንና ክላክሱን የሚያንቀሳቅሰው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ላዳዋ ሁሉ 12 ቮልት ነው። ልዩነቱ ትእዛዙ ከማብሪያ በቀጥታ መምጣቱ ቀርቶ በኮምፒውተር በኩል መምጣቱ ነው። ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ እነዚያ ሞተሮችም ይቆማሉ፤ የእንጦጦ ዝናብ መኪናው በምን እንደሚሄድ አይጠይቅም። ያን ጊዜ ጥገናውን የሚያውቅ ሰው ከሌለ «ሙሉ ክፍሉ ይቀየር» ይባላል፤ ሙሉ ክፍሉ ከቻይና ይመጣል፤ እስኪመጣ መኪናው ወይ ይቆማል ወይ ሳይጠርግ ይሄዳል። ዛሬ የቮልስ ሞተር ፈትቶ የሚጠግን ልጅ ነገ ያንንም ለመማር ቅርብ ነው። ዕቃ መቀየር ብቻ የተማረ ልጅ ግን ለዚያም ሩቅ ነው። ከውጭ የሚገባውን መኪና በሚመለከት ይህን ያህል የተጨነቀ ፖሊሲ፣ ከገባ በኋላ ማን እንደሚፈታው አለማሰቡ ያስገርማል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር አለ፤ በጀትም አይጠይቅም። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ አልፎ ቦሎ ይለጥፋል። በዚህ ምርመራ መጥረጊያ እንዴት ይታያል የሚለው ወሳኝ ነው። ማብሪያው ተነክቶ፣ ክንዱ በደረቅ መስታወት ላይ አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ ካለ በኋላ «ይሠራል» ቢባል ምንም አልተመረመረም። ካርቦኑ ያለቀ ሞተር አንዴና ሁለቴ ይዞራል። የደከመ ሞተር የሚታወቀው ሲቆይ ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ፣ የፊት መብራቱ በርቶ፣ መጥረጊያው በሁለቱም ፍጥነት ቢያንስ ሦስት ሦስት ደቂቃ ይሥራ። መርማሪው ሰዓቱን ይዞ በአንድ ደቂቃ ስንቴ እንደተመላለሰ ይቁጠር። ከዚያ ይጥፋና ክንዶቹ የት እንዳረፉ ይታይ። መስታወቱ ላይ ውኃ እየፈሰሰ መሆን አለበት፤ ደረቅ መስታወት ላስቲኩን ያበላሻል፣ ሞተሩንም ያለ አግባብ ያስጨንቃል። ብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች የራሳቸው ውኃ መርጫ ከሞተ ቆይቷል። ቮልስ ላይማ መርጫው የሚሠራው ከመጠባበቂያ ጎማው በሚመጣ አየር ነው፤ ጎማው ካልተነፋ ውኃ የለም። ስለዚህ አንድ ሰው ከጎን ቆሞ ያፍስስ።

ለአንድ መኪና አንድ ጀሪካን ይበቃል።